የበሩ ቅምሻ

የታሰርኩበት ክፍል ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበረ መሰለኝ፤ ሽታው ከግድግዳው አልለቀቀም። ከማስተምርበት ግቢ ይዘውኝ የመጡት ሁለት ሰዎች ጨዋ ነበሩ። «ለአጭር ጥያቄ ነው» ብለውኛል። በሩ ላይ ሲያስረክቡኝ ከአፌ የወጣው «አመሰግናለሁ» ነበር።

በዚያ ሰሞን ጂንካ ታውካ ነበር፤ ስብሰባ ላይ ጥያቄ የጠየቀ ሁሉ ይያዝ ነበር። እኔ ስብሰባ ላይ ጠይቄ አላውቅም። ከጠየቀችው ጋር ግን ጎን ለጎን ተቀምጬ ነበር።

ውስጥ ሴቶች ነበሩ። ከየቤቱ የመጣልን ምግብ መሃል ይቀመጥና ሁላችንም አብረን እንበላለን። አንዲት የሐመር ወጣት ብቻ ምንም የሚያመጣላት አልነበረም። ወንድሟ የት እንደገባ አልናገር ብላ ነው ከዲመካ ያመጧት። ልጅ ሳለሁ አባቴ ዲመካ ያስተምር ስለነበር ቋንቋዋን ትንሽ ትንሽ እሰማለሁ። እናቴ ከምትልክልኝ ቆጮና ጎመን እየቆረስኩ ፊቷ አስቀምጥላታለሁ። «አንቺ ራስሽ አትበይም እንዴ?» ትለኝ ነበር በቋንቋዋ።

እውነቷን ነው፤ እህል አይወርድልኝም ነበር። አንድ ቀን ታናሽ እህቴ ከመንገድ ማዶ ሆና «አባባ አንቺን ሳላይ እህል አልቀምስም ብሏል!» ብላ ጮኻ በጥበቃ ተባርራለች። አባቴ ስኳር አለበት። ባዶ ሆዱን መድኃኒቱን አይወስድም። አልበላም ካለ ደግሞ አይበላም።

ዘመድ በሽቦው ማዶ ቆሞ እንዲያየን የሚፈቀደው እሁድ ነው። ምግብ ያመጣ ሰው በሩ ላይ ራሱ ቀምሶ ያስገባል፤ ደንቡ ነው። ከታሰርኩ የመጀመሪያዬ በሆነው በዚያ እሁድ ተራ የሚያስጠብቀው ከደጋ የመጣ፣ ለአገሩ አዲስ የሆነ ወጣት ፖሊስ ነበር። ከሰልፉ ፊት የቆመችው የሐመሯ ልጅ እናት ናት፤ ከብት በጫነ አይሱዙ ተሳፍራ መጥታለች። በእጇ ትልቅ ቅል ይዛለች፤ ውስጡ የተፈላ የቡና ገለባ ነው። ከሰው ትከሻ በላይ የአባቴን ባርኔጣ አየሁ። እሱ ግን ገና አላየኝም።

«እማማ፣ ቅመሺ» አላት ፖሊሱ እጁን ወደ አፉ እያስጠጋ።

ሴትዮዋ ጉንጯን ሞልታ ጠጣች። ቀጥሎ እፍፍ ብላ ደረቱ ላይ ረጨችው።

ፖሊሱ ዩኒፎርሙን አየ፤ ሴትዮዋን አየ። «ተፋችብኝ!» አለ። «በሰው ፊት ተፋችብኝ! በቃ፣ ዛሬ ምግብም ጥየቃም የለም። ሂዱ! ሁላችሁም!»

ሰው ወደ ኋላ መሸሽ ጀመረ። ባርኔጣውም ዞረ።

«ወንድሜ» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ሽቦውን ያዝኩና «ወንድሜ! አልተፋችም!» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

«ምንድነው?»

«መረቀችህ እኮ ነው። ቅል ሲከፈት የመጀመሪያውን ጉንጭ እንዲህ ረጭተው ነው የሚመርቁት። አባወራው ነው የሚያደርገው፤ እሷ ባሏ ሞቷል፣ ራሷ ታደርገዋለች። ቅመሺ ስትላት መርቂኝ ያልካት መስሏታል።»

«በምራቅ?»

«በቡና ገለባ።»

ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ነጋዴ «እኛን ማን በመረቀን!» አለች። ሰው ሳቀ።

ፖሊሱ አልሳቀም፤ ደረቱን ሊጠርግ ያነሳውን እጅ ግን መለሰው። «ታዲያ ምን ይባላል?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ባርጆ በል። መልካም ዕድል ማለት ነው።»

አንገቱን ደፍቶ «ባርጆ» አለ። ሴትዮዋ ደስ ብሏት ልትደግመው ቅሉን አነሳች፤ «ይበቃል፣ ይበቃል እማማ!» ብሎ ወደ ልጇ አሳለፋት። በሩ እንደተከፈተ ቀረ።

አባቴ ተራው ደረሰ። ከስቷል። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ አባባ። ይኸው ቆሜያለሁ።»

«ይቅመሱ አባባ» አለው ፖሊሱ።

አባቴ ምሳ ዕቃውን ከፈተ፤ ቆጮውን ቆርሶ በጎመን ጎረሰ። ደገመ። ሦስተኛውን ሲጠቀልል ፖሊሱ «አባባ፣ ይቅመሱ ነው እኮ ያልኩት» አለው።

«እየቀመስኩ ነው» አለ አባቴ በሞላ አፉ።

ኋላዬ ያሉት ሴቶች ሳቃቸውን ለቀቁት። እኔ ሽቦውን እንደያዝኩ ዓይኔን ከአፉ አልነቀልኩም። ፖሊሱ እንዲቀመጥ የራሱን በርጩማ ገፋለት። ወደ ውስጥ የገባልኝ ባዶ ምሳ ዕቃ ጠርዙ ላይ ትንሽ ጎመን ብቻ ነበረበት። እሱን ጠርጌ በላሁ። ከታሰርኩ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠኝ አልነበረም።

ከተፈታሁ ዓመታት አልፈዋል። ሥራዬ ላይ ነኝ። ስብሰባ ላይ ዛሬም ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ የምለው ካለኝ ግን እላለሁ። ባለፈው ክረምት ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ትክ ብሎ አየኝና «አባትሽ ደህና ናቸው?» አለኝ። ያ ፖሊስ ነበር፤ ወፍሯል።

«ደህና ነው። ይበላል» አልኩት።

ሁለታችንም ሳቅን። ለምን ታስሬ እንደነበር ልጠይቀው አሰብኩና ተውኩት፤ የሚያውቅም አልመሰለኝም። ቤት ስገባ አባቴ እጁን ታጥቦ ማዕዱ ላይ ተቀምጧል።

«የት ቆየሽ?» አለኝ። «ራበን እኮ።»