ነጩ አበባ

የጎረቤቴ ልጅ ሰሚራ ከእንቁጣጣሽ ወዲህ መንገድ ላይ ስታየኝ ዞራ ትሄዳለች። ጥፋቱ የኔ ነው።

ትምህርቴን ያቋረጥኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ከተማርኩት ብዙውን ረስቼዋለሁ፤ መምህራችን ከወንዝ ዳር ቆርጠው ያሳዩንን አስተናግር ግን አልረሳሁም። ነጭ፣ ጡሩምባ የመሰለ አበባ አለው። የቀመሰውን ሰው ያስለፈልፋል፤ ሲብስም ይገድላል።

በበዓሉ ጠዋት ሰሚራ አበባ ይዛልን ኮልፌ ወዳለው ቤታችን መጣች። ሰባት ዓመቷ ነው። የኔዋ ልጅ ገና መዳህ መጀመሯ ነው፤ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ትከታለች። ሰሚራ አበባውን ስትዘረጋላት ከአደዩ መሃል ሦስት ነጭ ጡሩምባዎች አየሁ።

"ከየት ነው የቀጠፍሽው?" አልኳት።

"አልቀጠፍኩትም፣ እትዬ።"

"አትዋሺ። መርዝ እኮ ነው፤ ልጄን ልትገድያት ነው?"

እጄን በፌስታል ጠቅልዬ ነጠቅኳትና ደጅ ያቆረው የዝናብ ውሃ ላይ ወረወርኩት። ከዚያ እጇን ይዤ ሁለት ጊዜ በሳሙና አጠብኳት። እንባዋ እየወረደ ታጠበች።

"ላንቺው ብዬ ነው" አልኳት። እንደዚያ ቀን እርግጠኛ ሆኜ የተናገርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

"አደዩ አንሶብኝ ነው" አለች በመጨረሻ።

ዞር ብዬ ውሃውን አየሁ። ነጮቹ አበቦች ርሰው ተዘርግተዋል። ላያቸው ላይ የደብተር ሰማያዊ መስመር ይታያል።