ያልሰበርኩት መስተዋት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ እዘረዝርና እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። አሁን ለእናንተ ልናገር። ፊታችሁን ስለማላየው ይቀለኛል መሰለኝ።

ጣሊያን ሊገባ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው፣ ሶዶ ላይ ከአንድ የውጭ አገር ሐኪም ዘንድ እሠራ ነበር። ሥራዬ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። በሥጋ ደዌ የተጠረጠረ ሰው ሲመጣ ቆዳውን በስለት ጫር አደርግና የወጣውን እርጥበት ስላይድ በምትባል ስስ መስተዋት ላይ እቀባለሁ፤ ቀለም አጠጥቼ በመሣሪያው አያለሁ። ቀያይ ዘንጎች ከታዩኝ ደዌው አለ ማለት ነው። ሐኪሙ "ዓይንህ የታመነ ነው" ይለኝ ነበር። እኔም አመንኩት፤ ውዳሴ የሚጠላ ማን አለ?

ትእዛዙ አንድ ነበር፦ ደዌው የተገኘበት ስላይድ ተሰብሮ ይቀበር። እኔ አልሰበርኩም። ያደግኩት አንዲት የመስተዋት ቁራጭ በሌለችበት ቤት ነው፤ እንዲያ የጠራ ነገር መስበር ግፍ መሰለኝ። ደግሞስ ስላይድ ከአዲስ አበባ በበቅሎ ተጭኖ እስኪደርስ ስንቴ ጠብቀናል! በሳሙና አጥቤ፣ በጨርቅ ወልውዬ፣ ከንጹሑ ጋር ቀላቀልኩት። ወደ ብርሃን ባነሣው እንከን የለውም። ዓይኔ የታመነ ነው አይደል?

አስካለ ከሻንቶ መጣች። የገበሬ ሚስት ናት፤ ጡት ያልተወች ሴት ልጇን አዝላለች። ክንዷ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ነበረባት። ከእሷ ቆዳ ወስጄ ሳይ ቀያዮቹ ዘንጎች ታዩኝ። ሐኪሙም ጎንበስ ብሎ አየና አዘነ። ደጅ ለቆመው ባሏ የነገርኩት እኔ ነኝ። ልጅቷን ከጀርባዋ ፈትቶ ወሰዳት። ለአስካለም ከእንሰቱ ማሳ ወዲያ ለብቻዋ ጎጆ ተቀለሰላት።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ አዲስ የመጣ ቀለም ልሞክር ብዬ፣ ከተቀላቀሉት ስላይዶች አንዱን ምንም ሳልቀባበት ቀለም አጠጥቼ አየሁት። ዘንጎቹ አሉ። የቀድሞው በሽተኛ ደዌ ከመስተዋቱ አልለቀቀም ኖሯል! የአስካለንም ቆዳ የቀባሁት ከእነዚሁ ስላይዶች በአንዱ ላይ ነው። አስካለ ላይ ያየሁት የሌላ ሰው ደዌ ነበር።

ከሶዶ ማልዶ የተነሣ ሰው ቀትር ሳይሆን ሻንቶ ይደርሳል። አልሄድኩም። ለሐኪሙም አልነገርኩም። ያባርረኛል ብዬ ፈርቼ ነው? አዎ፣ ፈርቻለሁ። ከዚያ በላይ ግን "የታመነ" የምትለዋ ቃል እንዳትወሰድብኝ ሳሳሁ። ለአንዲት ቃል!

እሷ ግን መጣች። ከበሩ ራቅ ብላ ቆማ "ታ ኢሻው" አለችኝ፤ በወላይትኛ ወንድሜ ማለቷ ነው። "አንድ ጊዜ ድጋሚ እይልኝ እስቲ። ልጄ እኔን እየረሳች ነው እኮ።" ክንዷን ዘረጋችልኝ። "መሣሪያው አይሳሳትም" አልኳት። እኔ ነኝ ያልኩት፤ እያወቅሁ አልኩት። ገና ያልተፈታ የአዲስ ስላይድ እሽግ ሣጥኑ ውስጥ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ምልክቱ ከክንዷ ጠፋ። ለካ ተራ ቋቁቻ ነበር። ባሏን ጠርታ አሳየችው አሉ። "ከላይ ቢጠፋ ከውስጥ አለ፤ መሣሪያው አይሳሳትም" አላት። ከሶዶ ይዛለት የሄደችው የእኔው ቃል ነው።

ጦርነቱ መጣ፣ ሐኪሙም አገሩ ገባ። እኔ ያው ዝም እንዳልኩ ነበርኩ። አስካለ በዚያች ጎጆ ሦስት ዓመት ኖረች። ልጅቷ ከማሳው ማዶ ቆማ ታያት ነበር፤ አትቅረቢ ተብላለችና አትቀርብም። በመጨረሻ አስካለን ንዳድ ያዛት። ውሃ የሚያቀብላት ሰው አልነበረም።

መሞቷን ሰምቼ ሄድኩ። ሬሳዋን የሚነካ ጠፍቶ ሕዝቡ ርቆ ቆሟል። እኔ ገብቼ በባዶ እጄ አቅፌ አወጣኋት። የምፈራው ነገር እንደሌለ ከእኔ በቀር ማን ያውቃል? "እንዴት ያለ ልበ ሙሉ ሰው ነው! ዕድሜ ይስጥህ!" እያሉ መረቁኝ። ባሏ እያለቀሰ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። እኔም ሬሳዋን እንደታቀፍኩ "አሜን" አልኩ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ምርቃታቸው ደርሶ ይኸው ሰማንያ ልደፍን ነው። እሷ ሠላሳ አልሞላትም ነበር።