ጋሽ ተክለጻድቅ ባሕር ዳር የጀመሩት ጸሎት

ማንደፍሮ ዘነበ በሳምንት አምስት ቀን ከኦክላንድ ኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳል። ቅዳሜ ግን ያንኑ ቫን ለራሱ ይከራይና ሰው ባሕር ያሳያል።

ነገሩ የተጀመረው በአማቱ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1996 ሚስቱ ያለምዘውድ እናቷን ከአዲስ አበባ አስመጣች። ወይዘሮ ዓለምፀሐይ ሳን ፓብሎ ባለው አፓርታማ አራት ወር ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጠው የሰው መኪና ሲቆጥሩ ማንደፍሮ አይቶ አላስችል አለው። አንድ ቅዳሜ ወደ ውቅያኖሱ ወሰዳቸው። በማግስቱ እሑድ ቸርች ሄደው አወሩ። ከዚያ በኋላ የማንደፍሮ ስልክ አላርፍ አለ።

የቱሪስት መጽሐፍ ገዝቶ አያውቅም። ያለው አንድ የኪስ ደብተር ነው፤ የተጻፈውም ለሽማግሌ የሚበጀው ብቻ። “ሃፍ ሙን ቤይ፦ ዱባ፣ ኦክቶበር ብቻ። ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው።” “የመርከብ መብራቱ ማማ፦ ነፋሱ ነጠላ ይወስዳል።” “ወደ ደቡብ፣ ትልልቆቹ የባሕር እንስሳት፣ ሲሎቹ፦ ይሸታሉ፤ አስቀድመህ ንገር።” አንዱ መስመር ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል፦ “ከሞስ ቢች በታች፣ ድንጋዮቹ፦ ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ። ሳይመለስ ውጣ።”

በ1997 ኦክቶበር የቸርቹ መጋቢ ደወለለት። ባሕር ማየት የሚፈልጉት ከአማቱ ጋር ዘጠኝ አረጋውያን ነበሩ። “ዘጠኝ ሰጥቼሃለሁ፤ ዘጠኝ መልስልኝ” አለው እየሳቀ። ማንደፍሮም ሳቀ።

የዓሣ ማጥመጃ ከሚሸጥበት ሱቅ የወሰደው ሰንጠረዥ ባሕሩ በጣም የሚሸሸው ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ነው ይላል። አራት ተኩል ላይ ሊደርሱ አስቦ ነበር። መንገድ ላይ የቆሙበት የዱባ እርሻ አዘገያቸው።

“ይሄን ሁሉ ዱባ ማን ሊበላው ነው?” አሉ ወይዘሮ ዓለምፀሐይ እርሻውን እያዩ።

“አይበሉትም እማማ። ዓይንና አፍ ቀርጸው በር ላይ ያስቀምጡታል።”

“ከዚያስ?”

“ይጥሉታል።”

ወይዘሮ ዓለምፀሐይ ሦስት ዱባ ከመጣል አድነው ቫኑ ላይ አስጫኑ። የቀሩትም መምረጥ ጀመሩ። ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ሆነ።

ቦታው ገደል ሥር ያለ ትንሽ ዳርቻ ነው። ወደ ውስጥ የሚገባው፣ ወደ ባሕሩ የወጣውን የገደሉን አፍንጫ በአሸዋው ዞሮ ነው። ሌላ መውጫ የለውም። ባሕሩ ሲመለስ ያ አሸዋ ውሃ ይሆናል። ማንደፍሮ ሰዓቱን አየ።

“ሃያ ደቂቃ ብቻ። ስጠራችሁ ወዲያው እንወጣለን።”

ሃያው ደቂቃ አማረ። ድንጋይ ላይ የተጣበቀ የባሕር ኮከብ አዩ። ሸርጣን አባረሩ። ወይዘሮ ዓለምፀሐይ አበባ የመሰለ ነገር ውሃ ውስጥ ቢነኩ ተጨማዶ ጣታቸውን ያዘ፤ “ውይ፣ ነከሰኝ!” ብለው ጮኹና መልሰው ነኩት። ማንደፍሮ ሊጠራቸው አፉን ሲከፍት ጋሽ ተክለጻድቅ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ጋሽ ተክለጻድቅ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ድሬዳዋ የባቡር ጣቢያ ሹም ነበሩ። ውቅያኖስን ከአውሮፕላን መስኮት በቀር አይተው አያውቁም።

“ወገኖቼ፣ ይህን አይቶ ዝም አይባልም። እንጸልይ።”

ሁሉም ዓይናቸውን ጨፈኑ።

በእነሱ ጉባኤ ጸሎት የሚዘጋው የጀመረው ሰው ነው። ከአፉ የሚነጥቀው የለም፤ መጋቢውም አይደፍርም። ጋሽ ተክለጻድቅ በባረኩት አንድ ሰርግ ላይ ጸሎቱ እስኪያልቅ ምግቡን ሁለቴ አሙቀውታል። ማንደፍሮ የጉባኤው አባል አይደለም፤ ሚስቱን ሲያደርስ ከኋላ ቆሞ ይሰማል እንጂ። ዓይኑን የገለጠው እሱ ብቻ ነበር።

ጋሽ ተክለጻድቅ ስለ ባሕሩ አመሰገኑ። ስለ ሸርጣኑ አመሰገኑ። ቪዛ ለሚጠብቁት ጸለዩ። ከዚያ ያገሩን ሰው ከተማ በከተማ ያዙት፤ ሪችመንድ፣ ኤል ሴሪቶ፣ ኦክላንድ። የገደሉ አፍንጫ ሥር ያለው አሸዋ እየጠበበ ነው።

“እማማ፣ ውሃው…” አለ ማንደፍሮ በሹክሹክታ።

“ሽሽ!” አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

የጋሽ ተክለጻድቅን ክንድ ነካ አደረገ። እሳቸው የመንፈስ ነገር መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። “እዚሁ ኒውአርክ በየመጋዘኑ የሚደክሙትንም አስብ!”

አንድ ማዕበል መጥቶ አፍንጫውን መታው። ሲመለስ አሸዋው አልታየም። የሚቀረው ሳን ሆዜ ነው፤ ሳን ሆዜ ደግሞ ብዙ ሰው አለ። ሽማግሌው ትንፋሽ ወሰዱ።

“ይህን ሁሉ በኢየሱስ ስም!” አለ ማንደፍሮ በሙሉ ድምፁ።

“አሜን!” አሉ ሁሉም በአንድ አፍ። ልማድ ነው፤ ማን እንደዘጋው ያሰበ የለም። ዓይኖች ተገለጡ።

“ባሕሩ እየተመለሰ ነው! እጅ ለእጅ ተያያዙ! ጫማ አታውልቁ!”

ማዕበሉ ወደ ኋላ ሲል ጠብቆ አሳለፋቸው። ወይዘሮ ዓለምፀሐይ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ፊት መሩ። ውሃው ቁርጭምጭሚት ላይ ነበር። ስምንቱ ዞሩ። ጋሽ ተክለጻድቅ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሎ ቀሩ።

“ጋሼ፣ ጀርባዬ ላይ።”

“እኔን? ተው እንጂ!”

“ይውጡ አልኩ!”

ታላቁን ሰው ሲያዝዝ የመጀመሪያ ጊዜው ነው። አዘላቸው። መካከል ላይ ሲደርሱ ከጆሮው ሥር ድምፅ መጣ።

“ማንደፍሮ።”

“አቤት ጋሼ።”

“ጸሎቴን የዘጋኸው አንተ ነህ?”

“እኔ ነኝ።”

ማዕበሉ መጥቶ ማንደፍሮን ጉልበቱ ላይ መታው፤ ተንገዳግዶ ቆመ።

“ጥሩ አድርገሃል” አሉ ጋሽ ተክለጻድቅ። “ቶሎ ተራመድ።”

ፓርኪንግ ላይ ቆጠራቸው። ዘጠኝ። ደግሞ ቆጠረ። ዘጠኝ። ከዚያ ቫኑ ደረጃ ላይ ተቀምጦ እርጥብ ጫማውን አወለቀ። ወይዘሮ ዓለምፀሐይ ከቦርሳቸው የራሳቸውን ደረቅ ካልሲ አውጥተው ጭኑ ላይ ጣሉለት።

“የሴት ነው እማማ።”

“እግርህ አያውቅም። ልበስ።”

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ተክለጻድቅ ናቸው። ከዚያ ማንም ማቆም አልቻለም። ማንደፍሮ ደብተሩን አወጣ። ሁለቴ ከተሰመረበት መስመር ሥር “ጸሎት፦ ፓርኪንግ ላይ” ብሎ ጻፈ።

ወደ ፓሲፊካ የሚወስደው መንገድ በገደል ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ባሕሩ በግራ በኩል እታች ይታያል። እዚያ ሲደርሱ ጋሽ ተክለጻድቅ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

“ሳን ሆዜ ቀርቶብኛል” አሉ።

“ይቀጥሉ ጋሼ” አለ ማንደፍሮ። “አሁን የፈለጉትን ያህል።”

ወይዘሮ ዓለምፀሐይ ትከሻውን ጠቅ አደረጉት። “አንተ ግን ዓይንህን እንዳትጨፍን።”

ሳን ሆዜ እስከ ፓሲፊካ ወሰደ። ማንደፍሮ እስኪያልቅ ጠብቆ፣ መንገዱን እያየ፣ ከሁሉም ጋር አሜን አለ።