የለሚ መንጋጋና የአምስት ደቂቃው ጁስ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጄ ሲፈን ስልኬን ይዛ ወጥ ቤት ገባችና፣ «እማዬ፣ ጁስ ልሠራልሽ ነው። በአምስት ደቂቃ ይደርሳል ይላል» አለችኝ። የሱሉልታ ንፋስ በዚያ ሰዓት አያስቀምጥም፤ መስኮቱን ዘግቼ መጽሐፌ ላይ አቀርቅሬ ነበር። ቀና ስል ማንጎ ትልጣለች፣ ሙዝ ትቆራርጣለች፣ በየመሀሉ ስልኩን ታያለች። «አምስት ደቂቃ» ስትል ግን ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እኔም በወጣትነቴ በአምስት ደቂቃ ይደርሳል የተባለ ጁስ ሠርቼ አውቃለሁ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ነገሩ የሆነው ሰበታ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ ነው፤ የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ በተነሳበት ዓመት፣ ኅዳር ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው። ዕድሜዬ ሃያ ሰባት ነበር፤ ክፍሌ ስምንተኛ። በልጅነቴ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ለሥራ ተልኬ ስለነበር ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው የተጻፈ ነገር ሁሉ ትእዛዝ ይመስለዋል መሰለኝ፤ እኔ የመድኃኒት ወረቀት እንኳ ከላይ እስከ ታች ሳላነብ አልጥልም ነበር። ሰፈሩም ይህን ስለሚያውቅ ደብዳቤ የመጣለት ሰው ሁሉ እኛ ቤት ጎራ ይላል።

ወንድሜ ለሚ በስምንት ዓመት ያንሰኛል። እሱ ግን በጊዜው ትምህርት ቤት ገብቶ በኦሮምኛ፣ በላቲኑ ፊደል በቁቤ ተምሯል። እንግዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር በአንድ ቋንቋ እያወራን በሁለት ፊደል እንጽፍ ነበር። የእንግሊዝኛ ፊደል ስለማውቅ ቁቤን አንድ በአንድ እየለቀምኩ መድረሴ አይቀርም፤ ግን እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ እየተንተባተብኩ። ይህን ለማንም አልናገርም ነበር።

በዚያ ሳምንት ለሚ አህያችንን ጭኖ ወፍጮ ቤት እንደሄደ አስፋልቱ ዳር ግርግር ተነሳ፤ አስለቃሽ ጭሱ እኛ ግቢ ድረስ ሸተተ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በአንድ እጁ አህያዋን፣ በሌላው አገጩን ይዞ መጣ። ደም በደም ሆኗል፣ መናገር አይችልም። በነጋታው መንገድ ሲከፈት አዲስ አበባ ወሰድነው፤ መንጋጋው ተሰብሯል ተባለ። ሐኪሙ ምን እንደመታው ጠየቀው፤ ለሚ በእጁ ምልክት ሊያሳየው ሲጀምር ግን ሐኪሙ በሐዘን ራሱን ነቅንቆ፣ «ገባኝ፣ ገባኝ» አለና ሥራውን ቀጠለ። የላይና የታች ጥርሱን በሽቦ አስሮ፣ «ስድስት ሳምንት ፈሳሽ ብቻ። እንዳይከሳ ተጠንቀቁ» ብሎ መለሰን። እኛም አልጠየቅነውም። በዚያ ሰሞን ቆስሎ የመጣን ወጣት ምን አገኘህ የሚል ሰው አልነበረም።

እናቴ የምታውቀው ፈሳሽ አጥሚት ነው። በትልቁ ድስት ጣደችለት። የመጀመሪያውን ኩባያ በመከራም ቢሆን ግማሽ አደረሰው። ከዚያ ጠያቂ መምጣት ጀመረ። አንዷ ጎረቤታችን አጥሚቱን አየችና፣ ልታስቀው ብላ፣ «ለሚ፣ እንኳን ማርያም ማረችህ! ወንድ ነው ሴት?» አለችው። ቤቱ ሳቀ። ለሚ ኩባያውን ወደ ግድግዳው ገፍቶ ፊቱን አዞረ። ከዚያች ሰዓት በኋላ ከውሃ በቀር በአፉ የዞረ ነገር አልነበረም። ሾርባ ሠራንለት፣ እምቢ። የምስር መረቅ፣ እምቢ። እናቴ ሌሊት እየተነሳች ትንፋሹን ታዳምጣለች። በሁለት ቀን ጉንጩ ጎደጎደ፤ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ።

«የአራስ ምግብ ስለሆነ አፍሮ ነው» አለች እናቴ። እኔም ያው መሰለኝ።

በዚያኑ ቀን ከደብተሩ ገጽ ቀድዶ የሆነ ነገር ሞነጫጨረና በእጄ አስያዘኝ። በቁቤ ነው፤ ረጅም ነው፤ ተጋድሞ የጻፈው ስለሆነ ፊደሉ ወዲያና ወዲህ ይላል። ፊቱ ቆሜ መንተባተቡን ፈራሁ። የምግብ ዝርዝር ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩና፣ «እሺ፣ አየዋለሁ» ብዬ መጽሔቴ መሀል ሸጎጥኩት።

መጽሔቱ አዲስ አበባ እሠራበት ከነበረው ቤት ሊጣል ሲል ያነሳሁት የሴቶች መጽሔት ነው። እዚያ ውስጥ መድኃኒቱን አገኘሁ፤ «በአምስት ደቂቃ የሚዘጋጅ የፍራፍሬ ጁስ»። አንድ የበሰለ ማንጎ፣ አንድ ሙዝ፣ ሩብ ፓፓያ፣ አንድ ኩባያ እርጎ፣ በረዶ። ጁስ የአራስ አይደለም። ጁስ ጎረምሶች ጁስ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚጠጡት ነገር ነው።

ገበያ ተዘግቷል፣ መንገዱም እንደገና ተዘግቶ መኪና የለም። ግን እኛ ግቢ አንዲት ክፍል የተከራየች ታደለች የምትባል የአርባ ምንጭ ልጅ ነበረች፤ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ ያን ሳምንት ፋብሪካውም ዝግ ነው። መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት ወንድሟ በጭነት መኪና ግማሽ ጆንያ ማንጎ፣ ሙዝና አንድ ፓፓያ ልኮላታል። ማንጎው ግን አረንጓዴ ነው፤ ሰው ቢወረውሩበት ይፈነክታል።

«የበሰለ ነው የሚለው» አልኳት።

«አንቺ ልጅ፣ እኛ አገር ማንጎ ለከብት ይተርፋል፤ እዚህ መጽሔት ተይዞ ይበላል?» አለችኝ። ቢሆንም ተረዳችኝ። የጤፍ ውቂያ ያለቀው በዚያው ሳምንት ነበርና ጭዱ ገና ሙቀቱ አልለቀቀውም፤ ማንጎዎቹን ከሙዙ ጋር ጭዱ ውስጥ ቀበርናቸው። በየሰዓቱ እየሄድኩ በጣቴ ጫን ጫን አደርጋለሁ። ታደለች ከደጃፏ፣ «ዶሮዋ ደግሞ መጣች! ሊፈለፈሉ ነው እንዴ?» ትለኛለች።

እርጎው ላይ እናቴ ቆመችብኝ። «በነቢያት ጾም እርጎ? ታሟል ቢባልስ እሱ እሺ የሚል ይመስልሻል?» በእርሳስ ኅዳጉ ላይ «በጾም ይቀራል» ብዬ ጻፍኩ። በእርጎው ፈንታ አቮካዶ ይሁን አለች ታደለች። አቮካዶ ያለው ደግሞ ጎረቤታችን የእድራችን ዳኛ ኦቦ ድሪባ ጓሮ ነው። በአጥር ላይ ሁለት አቀበሉኝና፣ «ለጀግናው ነው አይደል? ነገ ሽማግሌዎቹን ይዤ እመጣለሁ» አሉኝ። በረዶውን ለኅዳር ውርጭ ተውነው፤ ፓፓያው ቆርቆሮው ላይ አደረ፤ ጠዋት ሲወርድ ጥርስ ይነቅላል።

በሦስተኛው ቀን ጭዱን ስገልጠው ሽታው ከእኔ በፊት ወጣ። ደረቅ ጤፍ፣ ማር የመሰለ ነገር፣ ትንሽም እንደ ጥድ ሙጫ። አንዱን ስጫነው እጅ ሰጠ። ታደለች ከተዘጋ ጁስ ቤት መፍጫ በጓሮ በጓሮ ዞራ ተውሳ አመጣች፤ ስንሰካው መብራት የለም። መፍጫው እንደ ክቡር እንግዳ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ እኛ በእንጨት ማንኪያ መውቀጥ ጀመርን። ማንጎ ደግሞ ቃጫ አለው፤ ሽቦው ላይ ቢጠመጠምስ? ወንፊቱን ሦስት ጊዜ አጥቤ ሁለት ጊዜ አጠለልኩት። «በቃ ጫልቱ፣ ለቅዳሴ አደረግሽው እኮ!» አለች ታደለች። ስትሮ የሚሸጥ ሱቅ ክፍት አልነበረም። የገብስ አገዳ ሞከርን፣ ቀጠነ። በመጨረሻ የእቃ ማጠቢያው ውሃ ከሚፈስበት ጥግ የዱባ ቅጠል ዘንግ ቆረጥኩ፤ ውስጡ ክፍት ነው። በፈላ ውሃ ለብለብ አድርጌ እሾሁን ላጥኩት።

ወፍራም ቢጫ ጁስ በብርጭቆ ይዤ ገባሁ። ለሚ አየው። አየኝ። በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ።

«ጾም ነው፤ እርጎ የለውም» አልኩት። ነቀነቀ። «ቃጫ የለውም፤ ሁለት ጊዜ አጥልዬዋለሁ።» ነቀነቀ። ብርጭቆውን አስጠጋሁለት። እሱ ደግሞ በጣቱ መዳፉ ላይ የመጻፍ ምልክት እያሳየ ወደ እኔ ይጠቁማል።

በዚህ መሀል ኦቦ ድሪባ ከሁለት ሽማግሌዎችና ከጎረቤት ሴቶች ጋር፣ «አካም ጅርቱ?» እያሉ ገቡ። ተቀመጡና በትራቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው፣ «ይህ መንጋጋ የሰፈሩ ክብር ነው! የመሬታችን ምስክር ነው!» ሲሉ ለሚ አልጋውን በመዳፉ ይመታ ጀመር። ወደ እኔ ይጠቁማል፣ አልጋውን ይመታል።

«ምን እያለ ነው?» አሉ ኦቦ ድሪባ። «አንቺ አንባቢያችን፣ የጻፈው ነገር አለ መሰለኝ፤ በይ አሰሚን።»

ከወረቀቱ ማምለጫ አልነበረም። ከመጽሔቱ መሀል አወጣሁት። ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ፊቴ እየጋለ፣ ፊደል በፊደል መልቀም ጀመርኩ። ፖሊስ አይደለም ይላል። ቀጠልኩ። «ሃ... ሃሬ... ሃሬ ኬኛቱ... ነ ዲቴ።» ያልኩት የገባኝ ካልኩት በኋላ ነው። አህያችን ናት የረገጠችኝ። ጭሱ ሲፈነዳ ደነገጠች። የቀረውንም እየተንተባተብኩ ጨረስኩት፦ እዚያ ማዶ ልጅ የሞተባቸው ሰዎች ለቅሶ ተቀምጠው እያለ እኔ እንደ ጀግና እየተጠየቅኩ አጥሚት አልጠጣም፤ እባክሽ ለሰው ሁሉ ንገሪልኝ።

 ለሚ ዓይኑን ጨፍኗል። ኦቦ ድሪባ በትራቸውን ትንሽ ዞር ዞር አደረጉና፣

«አህያዋስ፣ ደህና ናት?» አሉ።

መጀመሪያ የፈነዳችው እናቴ ናት፤ በነጠላዋ አፏን ብትሸፍነውም አላመለጣትም። ከዚያ ማን ይቻለን! ለሚ በታሰረ ጥርሱ እንደ ድስት ክዳን ይንተከተካል፤ ታደለች፣ «ኧረ አታስቁት፣ ሽቦው! በኢየሱስ ስም ሽቦው!» ትላለች፤ ራሷ እየሳቀች። ሳቁ ሲበርድ ኦቦ ድሪባ ወደ አልጋው ጠጋ አሉ። «ስማኝ ልጄ። ለሞቱት አልቅሰናል፤ ገናም እናለቅሳለን። አንተ ግን ጠጣ። እድራችን በአህያ ለተረገጠ ለቅሶ አይቀመጥም።»

ለሚ እጁን ዘረጋ። የዱባውን ዘንግ ከመንጋጋ ጥርሱ በስተኋላ ባለችው ክፍተት አስገባሁለት። ጉንጩ ወደ ውስጥ ገባ፣ ጉሮሮው ላይ አንድ ነገር ወጣ ወረደ። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ ብርጭቆው ታች ደርሶ ፉርርር ሲል። ሁለተኛ አመጣሁለት። ሦስተኛውን ኦቦ ድሪባ ቀመሱትና፣ «ይህ የእኔ አቮካዶ ነው?» ብለው ጨረሱት።

በቀሩት ሳምንታት ለሚ አጥሚቱንም፣ ሾርባውንም፣ የሰጡትን ሁሉ ጠጣ። እኔም ቁቤ ተማርኩ። መናገር የማይችል መምህር ገጥሞኝ ነበር፤ እሱ ይጽፋል፣ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ስሳሳት ብርጭቆውን በማንኪያ ቂው ያደርጋል። መጀመሪያ ላይ ቤቱ ቃጭል በቃጭል ሆነ።

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው የሚቆጨኝ ጁሱ ሦስት ቀን መፍጀቱ አይደለም። የመጽሔቱን ገጽ ሃያ ጊዜ አነበብኩት፤ ወንድሜ በእጄ ያስያዘኝን ወረቀት ግን አንድ ጊዜ አልከፈትኩትም፤ እየተንተባተብኩ መታየትን ፈርቼ። አልበላም ያለ ሰው ሲገጥመን ምግቡን ለማሳመር እንሮጣለን፤ እኔም ሮጥኩ፣ ደግሞም ጥሩ አድርጌ ሮጥኩ፤ ልጁ የራበው ግን ሌላ ነገር ነበር።

ሲፈን ብርጭቆውን አመጣችልኝ። ቀመስኩት። ቃጫ አለው፤ አላጠለለችውም። አፌን ልከፍት ስል ዓይኗን አየሁት፤ ፊቴ ላይ የምትፈልገው ነገር አለ። መጽሐፌን ዘጋሁና ጎኔ አስቀመጥኳት።

«ቆይ፣ መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ» አልኳት።

ምን እንዳለችኝ ለእኔና ለእሷ ይቆይ። ጁሱ እስኪሞቅ ድረስ ግን አወራችኝ።