ዳገት ላይ የሚወርዱት ባለቤቴ

ባለቤቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በበቅሎም ይሁን በባጃጅ ሲሄዱ ዳገት ከመጣ «ትንሽ ይቅለለው» ብለው ይወርዱ ነበር።

ውጭ አገር ያለችውን ልጃችንን ልንጠይቅ ሄደን ሳለ ወደ አንድ መናፈሻ ወሰደችን። እዚያ በከሰል እሳትና በእንፋሎት የሚሄድ፣ ቁመቱ ከጉልበት የማያልፍ ባቡር ሰው ያሳፍራል። በቅሎ እንደሚጋልብ ሰው እግራችንን አንፈራጥጠን ተቀመጥንበት። ዳገቱ ላይ ሲደርስ ባቡሩ ማለክለክ ጀመረ፤ እሳቸውም ወዲያው ወረዱ።

«ኧረ አባየ፣ ማሽን እኮ ነው!» አለች ልጃችን።

«ማሽንስ ቢሆን፣ ሲያለከልክ አትሰሚውም?» አሏትና ወደኔ ዞሩ። «አንቺም ውረጂ እንጂ!»

ወረድሁ። ነጂው እየሳቀ ቀስ አለልን። አገራችን ወረታ ከተማ ገበያ ስንሄድ ሁልጊዜ ከፊቴ የሚቀድሙት ሰው፣ ያን ቀን እጄን ያዙ፤ ጎን ለጎን ዳገቱን ወጣን።

«ኧረ ሰው ያየናል!» አልኋቸው።

«ይየና! ምን ሰርቀናል?»

ከዚያ ወዲህ እስኪያርፉ ድረስ ቀድመውኝ ሄደው አያውቁም። ዛሬም ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ በሩዙ ማሳ መካከል፣ ሳላስበው የመንገዱን ዳር ይዤ እሄዳለሁ፤ ለሳቸው የሚበቃ ቦታ ከጎኔ ትቼ።