በጋሼ ስም ይሠራ የነበረው ሰርቪስ

ቁጡ ነኝ። እናቴ «ያንቺ ምላስ ካንቺ ቀድሞ ነው የተወለደው» ትለኝ ነበር፤ አልዋሸችም። መናገር በማይገባኝ ቦታ ሁሉ ተናግሬ አውቃለሁ። መናገር ሲገባኝ ዝም ያልኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያውም ለአንድ ሰዓት ከምናምን። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ግን የተናገርኩት ሳይሆን ያቺ ሰዓት ናት።

ካዛንቺስ ገና ሳይፈርስ ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ላይ አንድ የግል የሕክምና ላቦራቶሪ ነበር። እዚያ ኮምፒውተር ክፍል ተቀጠርኩ። ክፍሉ ማለት በቃ እኔና አለቃዬ ነን። አለቃዬን ሁሉም ሰው ጋሼ ነው የሚላቸው፤ ሃምሳን ያለፉ፣ ሹራባቸውን በበጋም የማያወልቁ፣ ሲናገሩ ጠጋ ካላሉ የማይሰሙ ሰው ነበሩ። እኔ እስክመጣ ዘጠኝ ዓመት ብቻቸውን ሠርተዋል። ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ስቆጣም «ቀስ በይ፣ ማሽን አይሰማሽም» እያሉ ያበርዱኛል።

የሙከራ ጊዜዬን ሳልጨርስ ጋሼ ሥራ ሊለቁ መሆኑን ሰማሁ። ስታዲየም አካባቢ ካለ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የተሻለ ቦታ አግኝተዋል። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷቸዋል፤ ከእኛ ዘንድ የመልቀቂያ ደብዳቤ ይዘው መቅረብ። እስከ ዓርብ አምስት ሰዓት ተኩል፣ ለምሳ ሳይወጡ፣ ተብለዋል። ቅጥሩን የሚያጸድቀው ኃላፊ ከሰዓት በኋላ ክፍለ ሀገር ስለሚወጣ ከዚያ ካለፈ ቦታው ለተጠባባቂው ይሰጣል። ይህን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፤ ይህ የተጻፈበትን የቅጥር ማስታወቂያ ከደረት ኪሳቸው ያወጡታል፣ አንብበው አጣጥፈው ይመልሱታል።

እኛ አገር ሥራ መልቀቅ ከመቀጠር ይብሳል። ክሊራንስ የሚባል ፎርም ይሰጥሃል፣ እሱን ይዘህ ከክፍል ክፍል ትዞራለህ፣ እያንዳንዱ ክፍል «ከእኛ ነፃ ነው» ብሎ ይፈርምልሃል። የእኛ ፎርም ከአንድ የመንግሥት ቢሮ የተቀዳ ስለነበር «ቤተ መጻሕፍት» የሚል መስመር ነበረው። ቤተ መጻሕፍት ግን የለንም። ባዶ ሆኖ ከቀረ ደግሞ ፎርሙ አያልፍም፤ ስለዚህ እዚያ ላይ የጥበቃ ኃላፊው ይፈርማል። የመጨረሻው መስመር የኮምፒውተር ክፍል ነው። የሚለቀው ሰው አካውንት ሳይዘጋ አይፈረምም። ያ መስመር የእኔ ሆነ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ፎርሙን ይዘው ፊቴ ቆሙ። እየቀለዱ «እንግዲህ አለቃሽን አሰናብቺ» አሉኝ። እኔም ሥራ አዋቂነቴን ላሳይ ብዬ አካውንታቸውን መዝጋት ሲበቃ ጨርሼ አጠፋሁት። ከዚያ በትልቁ ፈረምኩ።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሰርቨሩ ጠፍቶ እንደገና ተነሳ። ይሄ የተለመደ ነገር ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም። ጋሼም ጠዋት መጥተው ነበር፤ ሰርቨር ክፍል ገብተው የተሰቀለ ጃንጥላቸውን አወረዱ፣ ቁልፉን ሰጡኝ፣ ደብዳቤያቸውን ሊጠብቁ ታች እንግዳ መቀበያ ወረዱ። ሦስት ሰዓት ሲል ጉድ ፈላ። ከላይ የደም ምርመራው ተሠርቶ አልቋል፣ ታች ግን የሚታተም ውጤት የለም።

ላቦራቶሪው ውስጥ ሰው የማያየው አንድ ፕሮግራም ከጀርባ ይሠራል፤ ሰርቪስ እንለዋለን። ማሽኖቹ ውጤት በየፎልደራቸው ይጥላሉ፣ እሱ ከየፎልደሩ እያነሳ ታች ወዳለው ኮምፒውተር ያደርሳል። ተላላኪ ነው በለው። ያን ቀን ተላላኪው ቀረ።

ሥራ አስኪያጁ፣ ዶክተር የምንለው፣ እየተንደረደረ መጣ። ዛሬ ጠዋት ሰርቨር ክፍል ማን ገባ ብሎ ጠየቀ። ዘበኛው እውነቱን ተናገረ፤ ጋሼ ገብተዋል። የዶክተሩ ፊት ወዲያው ተለወጠ። ሰውዬው አንድ ነገር ሠርቶብን ነው የሚሄደው አለ፤ ወደ ፎቅ እንዳይወጣም አዘዘ። ተከትዬው ቢሮው ገባሁ፤ የመልቀቂያ ደብዳቤው ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የሚጎድለው ፊርማ ብቻ ነው። ገልብጦ አስቀመጠው። ደሜ ፈላ። ጋሼ እንዲህ ያለ ሰው አይደሉም ብዬ ጮህኩበት፤ «እንግዲያው አሳዪኝ» ብሎ አስወጣኝ።

ላሳየው ተቀመጥኩ። የሰርቨሩን መዝገብ ከፈትኩ። ሰርቪሱ መብራቱ ከመጣ ጀምሮ ለመነሳት ሞክሮ ሞክሮ አልቻለም፤ ምክንያቱም የሚገባበት አካውንት የለም። የአካውንቱን ስም አነበብኩ፤ የጋሼ ነው። ሐሙስ ሳጠፋው ሰርቪሱ አስቀድሞ ገብቶ ስለነበር ምንም ሳይሆን መሥራቱን ቀጠለ። ጠዋት ሰርቨሩ ሲነሳ ግን እንደ አዲስ ግባ ተባለ፣ በሩን ደግሞ እኔ ደፍኜዋለሁ። ሰዓቴን አየሁ፤ ለአራት አሥር ጉዳይ ነበር።

ሰርቪሱ ለምን በሰው ስም ይሠራል የሚል ሰው ይኖራል። የራሱ አካውንት ሊኖረው ይገባ ነበር፤ ጋሼም ጠይቀው ነበር፣ ያውም ሦስት ጊዜ፣ በደብዳቤ። ነገር ግን የሠራተኛ መታወቂያ ቁጥር የሌለው አካውንት አይከፈትም የሚል መመሪያ አለ። አስተዳደር ሦስቱንም ጊዜ የመለሰው አንድ ነው፤ የሠራተኛው ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና ሁለት ጉርድ ፎቶ ይቅረብ። የፕሮግራም ጉርድ ፎቶ ከየት ይምጣ! ጋሼ ሲሰለቻቸው የራሳቸውን ስም አበደሩት። ዓመታት አለፉ፣ እሳቸውም ረሱት፣ እኔም አላወቅኩም።

ያኔ ተነስቼ መናገር ነበረብኝ። አንድ ፎቅ ወጥቼ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ማለት ብቻ ነበር። አልወጣሁም። የሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሰው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል፤ ቤት ደግሞ ደመወዜን የሚጠብቁ አሉ። መጀመሪያ ላስተካክለው፣ ከተስተካከለ ማን ይጠይቀኛል አልኩ። ፈራሁ በቃ፤ ሌላ ስም የለውም።

ሰርቪሱን በራሴ አካውንት አስነሳሁት። ተነሳና ወዲያው ወደቀ። ቤት መግባት አንድ ነገር ነው፣ የየቁም ሳጥኑ ቁልፍ ደግሞ ሌላ። ፎልደሮቹ ሁሉ ለጋሼ ስም ብቻ ነበር የተፈቀዱት። እንደመጣልኝ ሁሉንም ለሁሉ እንዳልከፍት እዚያ ውስጥ ያለው የሰው ገመና ነው፤ ማን ምን በሽታ እንዳለበት የተጻፈበት። አንዱን ስከፍት ሌላው እንቢ ይላል፣ ያንን ስከፍት ውጤቱ ሁለት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ለአምስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ተስፋ ቆርጬ ወደ ታች ወረድኩ።

ጋሼ እንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ የፕላስቲክ ማኅደራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ዙሪያቸውን ውጤት የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል። ወደ ደረጃው ጠራኋቸውና ስለ አካውንቱ ምንም ሳልተነፍስ፣ የሰርቪሱ ፎልደሮች ፈቃድ እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው። ቀና ብለው ፊቴን አዩኝ። ከዚያ በዚያ በማይሰማ ድምፃቸው አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ የመጀመሪያው ማንበብ ብቻ፣ ሁለተኛው መጻፍ፣ ሦስተኛው ግን ማጥፋትም ይፈቀድለት፣ አለዚያ የላከውን መልሶ ይልከዋል። መዳፌ ላይ ጻፍኩት።

ልሄድ ስል «ወረቀቴ ተፈረመ ይሆን?» አሉኝ።

«አላውቅም ጋሼ» አልኩ። የደብዳቤው ጀርባ እንኳ እንዴት እንደተገለበጠ እያወቅኩ። ዓይናቸውን ሳላይ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁ።

እንዳሉኝ አደረግኩ። አምስት ሰዓት ካለፈ ሦስት ደቂቃ ላይ ውጤቱ ታች መውረድ ጀመረ፤ የማተሚያው ድምፅ እስከ ላይ ይሰማ ነበር። ወደ ዶክተሩ ቢሮ ሮጥኩና ተስተካክሏል አልኩት። የአስተዳደር ኃላፊዋም እዚያው ነበረች። ምን ሆኖ ነበር አለኝ። ከመብራቱ ጋር ተያይዞ ነው ብዬ ለማለፍ ሞከርኩ፤ ለራሴም ድምፄ አስጠላኝ።

ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ። መብራት ስንት ጊዜ ሄዶ ያውቃል፣ እንዲህ የሆነበት ቀን የለም አለ። ሰኞ ከውጭ ባለሙያ አስጠርቼ ሳላስመረምር አልፈርምም ብሎ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። መሳቢያው ሲዘጋ ሰማሁ። የመጣው ይምጣ አልኩ በሆዴ።

«ዶክተር፣ እኔ ነኝ» አልኩት። «ትናንት አካውንታቸውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሰርቪሱ በእሳቸው ስም ነበር የሚሠራው። ጋሼ ጃንጥላቸውን ከማውረድ ሌላ ምንም አልነኩም።»

ታዲያ እስካሁን ምን ትጠብቂ ነበር አለኝ። የአስተዳደር ኃላፊዋ በሰው ስም ማሠራት ራሱ ጥፋት ነው ብላ ልትጀምር ስትል ምላሴ ተመለሰልኝ። የሦስቱን ደብዳቤዎች ግልባጭ ከፋይል አምጥቼ፣ ፕሮግራሙ ፎቶ የሚነሳበት ፎቶ ቤት ካለ ታሳየኝ አልኳት። ዶክተሩ ሦስቱንም አነበበ። መሳቢያውን ከፈተና ፈረመ። ማኅተሙ እስኪመታ፣ ወጪ መዝገብ ላይ ቁጥር እስኪሰጠው አምስት ሰዓት ከሩብ ሆነ። ለእኔ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍልኝ እያዘዘ ሳለ ደብዳቤውን ነጥቄ ወረድኩ።

ጋሼ ተቀብለው ማኅደራቸው ውስጥ አስገቡት፣ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አሉና ወጡ። በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ዘጠኝ ዓመት አብረዋቸው የሠሩ ሰዎች ሳይቀሩ ጋሼን ሲሮጡ አይተናቸው አናውቅም አሉ። ጃንጥላውን በብብታቸው ይዘው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ወደ ታክሲው እየሮጡ ነበር። ረዳቱ «ስታዲየም! ስታዲየም!» ይላል። ሲገቡ አየሁና ደረሱ ብዬ ተነፈስኩ።

አልደረሱም። የዓርብ መንገድ ነው፤ መስቀል አደባባይ ጋ ተዘጋግቶ ወርደው በእግራቸው ሄደዋል። ሲደርሱ አምስት ሰዓት ከአርባ ሆኗል፣ ኃላፊው ወጥቷል፣ ቦታው ለተጠባባቂው ተሰጥቷል። ይህን የሰማሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ የሥራ ልምድ ወረቀታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ነው። ሥራ አግኝተው እንደሆነ ብጠይቃቸው እየፈለግኩ ነው አሉ። እኛ ጋ እንዳይመለሱ በቦታቸው ማስታወቂያ ወጥቷል፣ እሳቸውም አይለምኑም።

ሻይ ልጋብዝዎት ብዬ ከሕንፃው ሥር ካለችው ሻይ ቤት ይዣቸው ገባሁ። ሰርቪሱ አሁን በማን ስም ነው የሚሠራው አሉኝ። በእኔ፣ አስተዳደር አሁንም ጉርድ ፎቶ ነው የሚለው አልኳቸው። ሳቁ። ሲስቁ ይበልጥ ከበደኝ። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነበር ያወቅሽው?» አሉኝ።

መዋሸት እችል ነበር። «አራት ሰዓት ሳይሞላ» አልኩ።

ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ደረጃው ላይ ስትጠይቂኝ ገባኝ። ወጥቼ ብናገር በሙከራ ላይ ነሽ፣ ያባርሩሻል። ግድ የለም፣ ይቺ የእኔ ልጅ አፏ አያርፍም፣ አሁን ትናገራለች ብዬ ቁጭ አልኩ።»

ሻያቸውን ጨርሰው ጃንጥላቸውን አነሱ። እስከ በሩ ሸኘኋቸው።