አናስገባሞቹ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቀን፣ እዚህ አሜሪካ ፌርፋክስ ሰፈር ባለ ምግብ ቤት የነበርነው፣ ነፍሳቸውን ይማርና አጎቴ፣ ባለቤቴ፣ ለትምህርት ቤቱ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ኳስ የሚወረውረው ልጄ፣ የቡድን ጓደኛው ሄኖክና እኔ ነን። በቲቪ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኖች አዲስ ተጫዋች ይመርጡ ነበር።

«ፈጣን ኳስ ተቀባይ ይምረጡ!» አለ ባለቤቴ።

«ተው እንጂ! ወርዋሪው ከተደፋ ማን ሊያቀብለው? መጀመሪያ አናስገባሞቹን!» አሉ አጎቴ። ከወርዋሪው ፊት ቆመው የሚከላከሉለትን ግዙፎች፣ በሰርግ ደጅ እንደሚዘጉት የሙሽሪት ወገኖች፣ «አናስገባም» ይሏቸው ነበር።

እኔ ልጄ እንዳይሰበርብኝ ጨዋታውን ላስተወው ነበር። አጎቴ ወደ ግዙፉ ሄኖክ ጠቆሙና፣ «የልጅሽ አናስገባም ይኸውልሽ። ሜዳ ስትሄጂ እሱን እዪ» አሉኝ። እሱን እያየሁ ልቤ አረፈ፤ ልጄም የትምህርት ቤት ጨዋታውን በሰላም ጨረሰ። እግዜር ይስጥልኝ፣ አጎቴ።

ዘንድሮ የተጫዋቾቹን ምርጫ ስናይ ወንበራቸው ባዶ ነበር። ሄኖክ ወደ ሃውቶርን ከተማ ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቶብኛል፤ የአጎቴን ማረፍም የሰማ አይመስለኝም። ያለበትን የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።